ፉርጎው ሳይቆራረጥ ይለካ

በአውሮፓ በግቢያቸው ትንሽ ሐዲድ ዘርግተው የዕቃ ፉርጎውን ከእንጨትና ከቆርቆሮ ራሳቸው የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ሐዲዱ 45 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ በ1 ለ22.5 ልክ ባለ አንድ ሜትር ሐዲድን ይወክላል።

በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የገባው የጅቡቲ ባቡርም የሚሄደው በአንድ ሜትር ሐዲድ ነበር። የዚያ መስመር 9 ሜትር ፉርጎ በዚህ ልክ 40 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

«የልጅ ጨዋታ ነው» የሚል አይጠፋም። ሆኖም ሞዴል ሠሪ በሩን፣ ማጠፊያውንና ብሎኑን ሳይለካ መጋዝ አያነሳም። ድሬዳዋ ላይ የቆሙት አሮጌ ፉርጎዎች ግን እየዛጉ ነው። ብረቱ አንዴ ከቀለጠ ልኩ ከየት ይመጣል?

ሙዚየም ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ለመለካት ግን ሜትር፣ ወረቀትና ጥቂት ቀን ይበቃል። የባቡሩ ጡረተኞች በሕይወት ሳሉ የቴክኒክ ተማሪዎች ይላኩ። ልኩ የተያዘ ፉርጎ ቢጠፋ እንኳ በትንሹም ቢሆን መልሶ ይሠራል።