የኦርኬስትራ መሪ ምን ትቶልን ያልፋል?

ዘፋኝ ቢሞት ድምፁ በሸክላ ይቀራል፤ ደራሲ ቢሞት መጽሐፉ ይቀራል፤ ሠዓሊም ሸራውን ትቶ ይሄዳል። የኦርኬስትራ መሪ ግን ምን ይተዋል? እሱ ራሱ አንዲት ድምፅ እንኳ አያወጣም። ለተመልካቹ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል፤ ጭብጨባው ሲመጣ ዞር ብሎ እጅ ይነሣል፤ መጋረጃው ይዘጋል። መሣሪያው የሌሎች ሰዎች ትንፋሽና ጣት ነውና ያ ምሽት ካልተቀዳ በቀር ሥራው ከአዳራሹ ሳይወጣ ይቀራል።

ይህን የማነሣው ስለ ፈረንጅ አገር ለመተረክ አይደለም። በአገራችን ሙሴ ነርሲስ ናልባንዲያን የሚባሉ የኦርኬስትራ መሪ ነበሩ። እስቲ ጥላሁን ገሠሠን የማያውቅ ተማሪ በዚህ ግቢ ፈልጉ፤ አታገኙም። ሙሴ ነርሲስን የሚያውቅ ፈልጉ ደግሞ፤ ከእራት ሰዓት በፊት ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ።

የነገሩ ሥር ረዘም ይላል። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሄደው ሳለ፣ ከቱርክ እልቂት የተረፉ 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ መሣሪያ ሲነፉ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። አስተማሪያቸው ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የጻፉለት የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማው የኬቮርክ ነው፤ ዘውዱ እስኪወርድ ድረስ ሕዝብ ሁሉ ተነሥቶ ቆሞለታል። ሙሴ ነርሲስ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1915 ተወልደው በሶርያ ሐለብ ካደጉ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ የማዘጋጃ ቤቱን ባንድ አሠለጠኑ፤ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ማለትም በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ የሙዚቃው መሪ ሆነው ብዙ ዓመት ሠሩ። ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1977 ነው።

«መሪ» ስንል በበርሊንና በቪየና እንዳለው ዓይነት፣ ተጠናቅቆ የቆየ ኦርኬስትራ ፊት መጥቶ በትሩን የሚያነሣ ሰው ብቻ አይምሰለን። በእኛ አገር መሪው ኖታ ማንበብ የማያውቀውን ወጣት ቁጭ አድርጎ ፊደል እንደሚያስቆጥር የኔታ ከመጀመሪያው ያስተምራል። ዜማውን ከዘፋኙ አፍ ሰምቶ በወረቀት ያሰፍራል፤ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ድርሻውን ይጽፋል፤ የጻፈውንም በእጁ እየገለበጠ ያድላል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ቆሞ የሚመራው።

ሥራውም ቀላል አልነበረም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች ናቸው። የአውሮፓ ኦርኬስትራ የተሠራው ለሰባት ድምፅ ነው፤ ብዙ ድምፆችን በአንድ ጊዜ እያደራረበ የሚሄድ ነው። አንቺ ሆዬን ያለ ጥንቃቄ ከትሮምቦንና ከሳክስፎን ጋር ብታደራርበው ቅኝቱ ይሞታል፤ ዜማው የሐበሻ፣ ልብሱ የባዕድ ይሆናል። ሳታደራርበው ብትቀር ደግሞ ሠላሳ ሰው አስቀምጠህ አንድ ዜማ ማስነፋት ነው። በሁለቱ መካከል መንገድ መፈለግ እውቀትና ትዕግሥት ይጠይቃል። ዛሬ «ዘመናዊ የኢትዮጵያ ሙዚቃ» እያልን የምንኮራበት የነሐስ ድምፅ የተገኘው በዚህ ፍለጋ ነው። ፍለጋው የአንድ ሰው ብቻ ነው አልልም፤ የክብር ዘበኛው፣ የፖሊሱና የጦር ሠራዊቱ ሙዚቀኞች ሁሉ አሉበት። ነገር ግን ለብዙዎቹ ወረቀቱን ማን እንዳስነበባቸው መጠየቅ ተገቢ ነው።

እንግዲህ ድምፁ የት አለ? በሙሴ ነርሲስ መሪነት ተቀርጾ ለገበያ የወጣ ሸክላ እጅግ ጥቂት ነው። ምክንያቱ የችሎታ ማነስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ይህን አጥር ደፍሮ የጣሰው አምኃ እሸቴ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የአለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጣ። ከዚያ በኋላ እስከ 1978 ባለው ጊዜ ወደ 500 የሚጠጉ ባለ 45 ዙር ሸክላዎችና ወደ 30 የሚሆኑ ትልልቅ ሸክላዎች እንደታተሙ ይቆጠራል። ለአሥር ዓመት ትልቅ መከር ነው።

ዳሩ ግን መከሩ የማን ነበር? ባለ 45 ዙር ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ነው። ነጋዴው ዘፋኙንና ሰባት ስምንት ሙዚቀኛ ይዞ ማይክራፎን ፊት ያቆማል፤ ወጪውን የሚያወጣለት እንዲህ ያለው ነው። ሠላሳ ሰው ከነቫዮሊኑ ሰብስቦ የሩብ ሰዓት ድርሰት ቢቀዳ ማን ይገዛዋል? ስለዚህ ትልቁ ኦርኬስትራ የቴአትር ቤቱና የራዲዮው ሆኖ ቀረ። የቴአትር ቤቱ ምሽት ከምሽቱ ጋር አለፈ። የራዲዮው በቴፕ ክር ላይ ሰፈረ፤ ክር ደግሞ እንደ ሸክላ አይታገሥም። ዱቄቱን ከክሩ ጋር የያዘው ሙጫ እርጥበት ሲጠጣ ይላላል፤ ባጫወቱት ቁጥር ድምፁ ከማጫወቻው ራስ ላይ እየተፋቀ ይቀራል። ክር ውድ በነበረበት ዘመን በአሮጌው ላይ አዲስ መቅዳትም በሀብታሞቹ የአውሮፓ ጣቢያዎች እንኳ የተለመደ ነበር።

ከዚህ ዕጣ ያመለጠ አንድ መሪ አለን፤ ያመለጠውም ወደ ውጭ በመሄዱ ነው። ዶክተር አሸናፊ ከበደ በአሜሪካ ሮቼስተር በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው ተመልሰው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1967 የሀንጋሪን መንግሥት ኦርኬስትራ እየመሩ «እረኛው ባለዋሽንት» የተባለውን ድርሰታቸውን አሰሙ፤ ቡዳፔስት ላይ «ጥቁሩ ኮዳይ» እስከ መባል ደረሱ። ቅጂው ስላለ እነሆ ዛሬ በስልካችን እንሰማዋለን።

እኔ ያደግሁት አይከል ነው፤ ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ፣ በጭልጋ። ሸምበቆ በስቶ ዋሽንት የሚሠራ እረኛ ለእኛ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ «እረኛው ባለዋሽንት» የሚለውን ርዕስ ሳይ ነገሩ የሰፈሬ መሰለኝ፤ የሰፈሬን ዜማ በሃምሳ ስድሳ የሀንጋሪ ሙዚቀኛ መሐል ለመስማትም ቸኮልሁ። ሰማሁት። የኦርኬስትራው ፍሉት የሸምበቆውን የትንፋሽ ሻካራነት አይሰጥም፤ ይህን አልደብቅም። ነገር ግን እንዲህ ብዬ ለመተቸት የቻልሁት ቅጂ ስላለ ነው። የሙሴ ነርሲስን ኦርኬስትራ ማመስገንም ማማትም አልችልም። ትልቁ ጉዳት ይህ ነው፤ ያልተቀዳ መሪ አድናቂ ብቻ ሳይሆን ተቺም ያጣል።

በፈረንጆቹ ዘንድ ቅጂና መሪ እንዴት እንደተዋደዱ ስናይ ልዩነቱ ይበልጥ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1913 አርቱር ኒኪሽ የበርሊን ፊልሃርሞኒክን ይዞ የቤትሆቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ ቀዳ፤ ገና ማይክራፎን ስላልነበረ ሙዚቀኞቹ በመለከት መሰል ቀንድ ፊት ተጨናንቀው ነበር የተጫወቱት። ድምፁ ከቆርቆሮ ቤት እንደሚመጣ ቢሆንም ኒኪሽ የት እንደዘገየ፣ የት እንደቸኮለ እስከ ዛሬ ይታወቃል። ቶስካኒኒ ራዲዮ ጣቢያ ኦርኬስትራ አቋቁሞለት እስከ እርጅናው ቀዳ። ቼሊቢዳኬ የተባለው ሮማንያዊ ግን «ሙዚቃ በቆርቆሮ አይታሸግም» በሚል ዓይነት እምነት ሸክላ አላስቀዳም ብሎ ኖረ። ሆኖም የሙኒክ ምሽቶቹ በራዲዮ ይቀዱ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ከሞተ በኋላ ቤተሰቡ ፈቅዶ ዲስኮቹ ወጡ። እምቢ ያለው ሰው እንኳ ሳይወድ ተቀዳ! የእኛዎቹ እምቢ የማለት ዕድሉም አልደረሳቸው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ሸክላ ባይኖርስ? እኛ የቃል ሕዝብ ነን» ይሉኛል። ይህ መልስ ሊናቅ አይገባውም፤ በተለይ ጎንደር ላይ ተቀምጦ። በዚሁ ከተማ በአታ ሄዶ አቋቋም ሲባል ያየ ሰው መሪ ማለት ምን እንደሆነ ከማንም አይማርም። ግራ ጌታና ቀኝ ጌታ ወገን ለይተው ሲቆሙ፣ መሪጌታው ሲያነሣ፣ መቋሚያውና ጸናጽሉ ባንድ ሲወርድ፣ ከበሮው ከዝግታ ወደ ጥድፊያ ሲሸጋገር፣ ያ ሁሉ በአንድ ሰው ዓይንና ትከሻ ይመራል። እንደሚተረከው አለቃ ገብረ ሐና አዲስ ዝማሜ ፈልስፈው የጎንደር ሊቃውንት አንቀበልም ቢሏቸው፣ ልጃቸው ተክሌ ደብረ ታቦር ላይ አስተማረው። ይኸው እስከ ዛሬ «የተክሌ» እየተባለ ይዘመማል። ሸክላ አልነበረም። የአንድ ሰው የአካል እንቅስቃሴ በደቀ መዛሙርቱ አካል ላይ ተጽፎ ከመቶ ዓመት በላይ ዘለቀ።

ይህን አምናለሁ። ግን የቃሉ መንገድ የሚሠራው ሰንሰለቱ ሳይበጠስ ነው። ደቀ መዝሙሩ ዓመታት ከመምህሩ እግር ሥር ይቀመጣል፤ ከዚያ መምህር ይሆናል። የኦርኬስትራዎቻችን ሰንሰለት ግን ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ ሳሳ። የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሙዚቃ ዘጋ፤ ከሙዚቀኞቹና ከአሳታሚዎቹ ብዙው ተሰደደ፤ ቀጥሎ የመጣው ኪቦርድ የአሥር ነፊዎችን ድርሻ በአንድ ሰው ጣት ጠቀለለው። ስለዚህ ሸክላውም የለ፣ ደቀ መዝሙሩም ጥቂት። የቀረን ወረቀቱ ነው።

ወረቀቱ ደግሞ ሲነበብ ይሰማል። ይህን ያሳየን ከአሜሪካ ቦስተን የመጣ ባንድ ነው። ኢዘር ኦርኬስትራ የተባለው ቡድን ሙሴ ነርሲስ ካረፉ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ሥራቸውን ተጫወተው፤ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ውስጥም 32ኛ ቁጥር ሆኖ ወጣ። «ፈረንጅ ወሰደብን» የሚለውን ጩኸት አልወደውም። ማንም አልወሰደብንም፤ ኖታ ቢገለበጥ አያልቅም። የሚቆጨኝ የቦስተን ልጅ ያነበበውን የጎንደር ልጅ አለማንበቡ ነው።

«አርመናዊ የመራው፣ የፈረንጅ መሣሪያ የተጫወተው ሙዚቃ ለእኛ ምናችን ነው?» ለሚሉም አጭር መልስ አለኝ። ብሔራዊ መዝሙራችንን ለግማሽ ምእት ዓመት ያህል ስንዘምር የዜማው አባት ማን ነው ብለን አልጠየቅንም። አሁን ለመጠየቅ ከተነሣን በሠርጋችን ቀን የምንጨፍርበትን ሳክስፎን ጭምር እንመልስ።

በግቢያችን በዓል በመጣ ቁጥር የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ልጅ ፍላሹን ይሰካል፤ የሠላሳ ዓመት ዘፈን ይለቀቃል፤ የዘፋኙ ስም ይጠራል፤ ያቀናበረውና የመራው ሰው ስም አይጠራም። የተማሪዎች ማኅበራችን የባህል ክፍል ቢያንስ ይህን ማረም ይችላል፤ ገንዘብ አይጠይቅም። ከዚያ ከፍ ብሎ በማኅበሩ ስም ለብሔራዊ ቴአትርና ለራዲዮው ደብዳቤ ይጻፍ፤ ቴፑን ስጡን ብለን ሳይሆን ምን ምን እንዳላችሁ ዝርዝሩን ላኩልን ብለን። ዝርዝር ከሌለ ምን እንደጠፋ እንኳ አይታወቅም።

ከሁሉ የሚያስቸኩለው ግን ሰዎቹ ናቸው። በ1962 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ነፊ የነበረ ሰው ዛሬ ከ75 ዓመት በላይ ነው። እኛ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስንፈልግ እንባዝናለን፤ ለአማካሪ የምናቀርበውም ብዙ ጊዜ ያለፈው ዓመት ተማሪ የጻፈውን ነው። እነዚህ አዛውንቶች በአዲስ አበባም በየክፍለ ሀገሩም አሉ። መቅረጫ ይዞ መሄድ ነው። «ሙሴ ነርሲስ ጎበዝ ነበሩ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግን አያስፈልግም፤ «አዎን» ብለው ይጨርሱታል። ልምምዱ በስንት ሰዓት ይጀመር ነበር? በበትር ነው የሚመሩት ወይስ በእጃቸው? ስትሳሳቱ ከየት ያስጀምሯችሁ ነበር? የአንቺ ሆዬው ዘፈን ሲመጣ ትሮምቦኑን ዝም ያሰኙት ነበር ወይስ ያስነፉት? የያዛችሁት ወረቀት አለ?