የ15 ዲግሪ ሳይን ስንት ነው?

ከፈተናው ወጥተን ደጃፉ ላይ ስንከራከር ይህ ጥያቄ ተነሣ። አብዛኞቻችን ካልኩሌተር ነክተን 0.26 ብለን ጽፈናል። የተጠየቅነው ግን ትክክለኛው ዋጋ ነበርና ነጥቡ ሄደ። መምህሩን ያማን አልጠፋንም፤ ሆኖም ጥፋቱ የእኛው ነው እንላለን።

15 ማለት ከ45 ላይ 30 ሲቀነስ አይደለምን? የ45 ሳይን በ30 ኮሳይን ይባዛ፤ ከዚያም ላይ የ45 ኮሳይን በ30 ሳይን ተባዝቶ ይቀነስ። ከ√6 ላይ √2 ተቀንሶ ለ4 ሲካፈል መልሱ ይገኛል። ሁለቱን ሳይኖች ብቻ አቀናንሶ 0.21 ያገኘም አለ፤ (ስሙን አንጠራም፤ ከዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች አንዱ ነው)።

«ለሽርፍራፊ ይህን ያህል?» ለሚሉን ወንድሞችና እኅቶች፦ የ15ን ሳይን በ75 ሳይን አባዙት፤ ልክ ሩብ ነው። በ0.26 እና በ0.97 ግን 0.2522 ይወጣል።

የእስክንድርያው ሊቅ ቶለሚ በ2ኛው መቶ ዓመት የአውታሮችን ሠንጠረዥ ሲሠራ ከ72 ዲግሪ ላይ 60 ቀንሶ የ12ን አውታር፣ እያጋመሰም የ6ን፣ የ3ን፣ የአንድ ተኩልንና የሦስት ሩብን አገኘ። የ1 ዲግሪ በዚህ መንገድ አልገኝ ስላለው በሁለቱ መካከል አጥብቦ በግምት ያዘው። እሱ የቱ ትክክል፣ የቱ ግምት እንደ ሆነ ለይቶ ያውቅ ነበር። እኛ ሁሉንም ከአንድ መስታወት ላይ እያነበብን ልዩነቱን ረሳነው።

ካልኩሌተር ይጣል አንልም። በየሳምንቱ መልመጃ ሁለት ጥያቄ ያለ እርሱ እንዲሰጠን መምህራንን እንለምን። እስከዚያው የ7 ዲግሪ ተኩል ሳይን ጠረጴዛችን ላይ ነው፤ እስከ ዓርብ የሠራው ይምጣ።