ሪክሩተሩ የማን ሰው ነው?

ቴሌግራም ላይ የሚለቀቀውን የሥራ ማስታወቂያ ብዛት ያየ ሰው ሀገሩ ሠራተኛ ያጣ ይመስለዋል። አፍሪወርክ አለ፣ ሀሁ ጆብስ አለ፣ ኢትዮጆብስ አለ፣ ከነሱ ሥር ደግሞ ማን እንደከፈታቸው የማይታወቅ መዓት ቻናሎች አሉ። ወልቂጤ ካፌ ቁጭ ብሎ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ሃያ ቦታ ሲቪ መላክ ይቻላል። ችግሩ መልስ ማግኘቱ ላይ ነው። መልሱ ቢመጣም ብዙ ጊዜ የሚመጣው መሐል ላይ ከቆመ ሰው ነው። አንዱ "ሪክሩተር ነኝ" ይላል፣ ሌላው "ከኤጀንሲ ነው የምደውለው" ይላል፣ ሦስተኛው ያው የምናውቀው ደላላ ነው።

ይህን የመሐል ሰው ብዙዎቻችን ወይ እንደ አዳኝ እናየዋለን፣ ወይ እንደ ሌባ። አዳኝ ነው ያልን ቀን የጠየቀንን ሁሉ እንሰጣለን፤ ሌባ ነው ያልን ቀን ደግሞ ስልኩን እንዘጋለን። በሁለቱም እንጎዳለን። እኔ እንደማየው ጥሩ ሪክሩተር ማለት ዋስ ነው። ስሙን አስይዞ "ይህችን ልጅ አቅርቤያለሁ" የሚል ሰው ነው። ከሱ ጋር እንዴት እንደምንሠራ የሚወስነውም ይኸው ነው፦ እሱ ምን አስይዟል? እኛስ ስሙን ሊያስይዝልን የምንበቃ ነን ወይ?

ዱሮም ዋስ ነበር

እኛ ጋ ሥራ ማገናኘት አዲስ ነገር አይደለም። ከጉራጌ ተነስቶ አዲስ አበባ የገባው ትውልድ ሲቪ አልነበረውም። የነበረው መርካቶ ሱቅ ያለው አጎት፣ ካልሆነም የአጎት ጎረቤት ነው። ልጁ ይመጣል፣ ሊስትሮ ይሠራል ወይም ሱቅ ይላላካል፤ ዘመድየው ለባለሱቁ "ልጁን አውቀዋለሁ" ይላል። ያቺ "አውቀዋለሁ" ከባድ ቃል ናት። ልጁ ቢያጎድል የሚያፍረው አገናኙ ነው። አገናኙ ልጁን ቢበድል ደግሞ መስከረም ላይ ለመስቀል አገር ቤት ሲገባ የልጁን እናት ዓይን ማየት አለበት። በሁለቱም በኩል የተያዘ ነገር ነበር።

የቴሌግራሙ "ሚስተር ኤችአር" ለመስቀል አይመጣም። ፕሮፋይሉ ላይ ያለው ፎቶ የራሱ ይሁን የሌላ ሰው አናውቅም። ዛሬ ቻናሉን ዘግቶ ነገ በሌላ ስም ይከፍታል። ስለዚህ ከማንኛውም አገናኝ ጋር ስንጀምር ለራሳችን የምናነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው፦ ሰውየው ቢዋሸኝ ምን ያጣል? ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ፈቃዱን ያጣል። የድርጅቱ ተቀጣሪ የሆነ ሪክሩተር እንጀራውን ያጣል። ስልክ ቁጥር ብቻ ያለው ሰው ግን ሲም ካርድ ነው የሚያጣው።

ማረጋገጡ ደግሞ አስቸጋሪ አይደለም። የድርጅቱን ቁጥር ከሰውየው አትቀበሉ፤ ራሳችሁ ከድርጅቱ ድረ ገጽ አውጡና ደውሉ፣ "እንዲህ የሚባል ክፍት ቦታ አላችሁ ወይ? ቅጥሩን የሰጣችሁትስ ለማን ነው?" በሉ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እስክታረጋግጡ ድረስ የፋይዳ መታወቂያችሁንና የዲግሪያችሁን ፎቶ ለማንም አትላኩ። ለመጀመሪያ ንግግር ሲቪ ይበቃል።

ማን ነው የሚከፍለው?

የ2010 (እ.ኤ.አ.) የኢኮኖሚክስ ኖቤል ለፒተር ዳይመንድ፣ ለዴል ሞርተንሰንና ለክሪስቶፈር ፒሳሪደስ የተሰጠው አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ስላብራሩ ነው፦ ክፍት ቦታና ሥራ ፈላጊ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ገበያ ለምን አብረው ይኖራሉ? መልሳቸው ሲጠቃለል መፈላለግ ራሱ ወጪ አለው የሚል ነው። ድርጅቱ ሰው ለማግኘት ጊዜና ገንዘብ ያወጣል፣ እኛም ሥራ ለማግኘት እናወጣለን። ሪክሩተር የሚባለው ሙያ የሚኖረው ይህን ወጪ ስለሚቀንስ ነው። አገልግሎቱን የሚገዛው ደግሞ ድርጅቱ ነው።

ይህ ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛ፣ ሪክሩተሩ መጀመሪያ የሚያገለግለው የከፈለውን ነው። "ለምን አልተከራከረልኝም?" ብሎ መቀየም ዋጋ የለውም። ሁለተኛ፣ እኛን ገንዘብ የሚጠይቅ ከሆነ ንግዱ ሌላ ነው ማለት ነው። "የፎርም 500 ብር"፣ "የሥልጠና 2,000"፣ "ቦታው እንዳይያዝ ዛሬውኑ በቴሌብር" ከተባላችሁ፣ እሱ የሚሸጠው ተስፋ ነው፤ ገዢዎቹም እናንተ ናችሁ። ሥራው ባይኖርም እሱ አይከስርም።

ይህ የኔ ሐሳብ ብቻ አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181 የግል ሥራ አገናኝ ኤጀንሲዎች ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ምንም ክፍያ እንዳይወስዱ ይከለክላል፤ መንግሥታት በተወሰነ ሁኔታ ልዩ ፈቃድ ሊሰጡ የሚችሉበት ቀዳዳ ግን አለው። ኢትዮጵያ ስምምነቱን ያጸደቀችው በ1991 ዓ.ም. ነው። ወደ ውጭ ሀገር ለሚሄዱትም፣ የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬትና የሥራ ፈቃድ ወጪን በአሠሪው ላይ ነው የጣለው። ቡታጅራም ይሁን ወልቂጤ፣ "የቪዛ አምጪ" የሚላችሁን ሰው በዚህ ዓይን እዩት።

"ኧረ ደላላ ሳይከፈለው ሥራ አያስገባም!" የምትሉ ትኖራላችሁ። ልማዱን አውቃለሁ፤ የካፌና የሱቅ ሥራ የሚያገናኘው የሰፈር ደላላ ከመጀመሪያው ደመወዝ ላይ ድርሻውን ይፈልጋል። እንዲህ ካለው ሰው ጋር የግድ ከሠራችሁ ቢያንስ ቅደም ተከተሉን አታዛቡ፦ መጀመሪያ ሥራ፣ ከዚያ ደመወዝ፣ ከዚያ ድርሻ። ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ ደላላ በራሱ ሥራ አልተማመነም።

ስሙን እንዲያስይዝልን

አሁን ወደ እኛው እንምጣ። ሰውየው እውነተኛ መሆኑን አረጋገጣችሁ እንበል። አሁን እሱ ነው "ይህ ልጅ ያሳፍረኝ ይሆን?" እያለ የሚያስበው። በአንድ ቦታ ላይ በመቶ የሚቆጠር ሲቪ ይደርሰዋል። "ሰላም፣ ሥራ ፈልጌ ነበር" የሚል መልእክት ምንም አይነግረውም። ይልቅስ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

"ጤና ይስጥልኝ። ዘንድሮ በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ፤ የመውጫ ፈተናም አልፌያለሁ። ኤክሴልና ፒችትሪ እሠራለሁ። ያለሁት ወልቂጤ ነው፤ ለኢንተርቪው ከአንድ ቀን በፊት ቢነገረኝ እደርሳለሁ፣ የመጀመሪያው ዙር በስልክ ቢሆን ደግሞ እመርጣለሁ። ከዚህ በታች በሆነ የተጣራ ደመወዝ አዲስ አበባ መኖር ስለማልችል የምፈልገውን መጠን ሲቪው ላይ ጽፌያለሁ።"

ይህ መልእክት ለሪክሩተሩ ሦስት ስልክ ያስቀርለታል። "ልምድ የለኝም" ከማለታችሁ በፊትም ደግማችሁ አስቡ። የቤተሰብ ሱቅ ሒሳብ ሁለት ዓመት ከያዛችሁ ልምድ ነው። የሰፈር ዕቁብ ጸሐፊ ሆናችሁ የመቶ ሰው መዝገብ ሳታዛንፉ ከያዛችሁ ልምድ ነው። ጻፉት፤ ብቻ አታጋንኑት። ያልሠራችሁትን ሠራሁ ብላችሁ ኢንተርቪው ላይ ብትያዙ የሚዋረደው እሱም ነውና ሁለተኛ አይደውልላችሁም።

ያመለከታችሁባቸውን ቦታዎች ንገሩት። ሁለት አገናኞች አንድን ሰው ለአንድ ድርጅት ካቀረቡ ድርጅቱ ጭቅጭቁን ፈርቶ ሊተዋችሁ ይችላል። ሌላ ሥራ ካገኛችሁም በአንድ መስመር አሳውቁት። ኢንተርቪው ቀጥሮ ስልክ ማጥፋት የሚባል በሽታ ይዞናል፤ የዛሬው ትንሽ ሪክሩተር የነገው የትልቅ ድርጅት የሰው ኃይል ኃላፊ ሊሆን እንደሚችል እንረሳለን። ለክትትል በሳምንት አንድ መልእክት ይበቃል። በቀን ሦስቴ "ምን ደረሰ?" ማለት ግን ቁጥራችሁን ያስዘጋዋል።

"ይሄ ሁሉ ከንቱ ነው፣ ሥራ በሰው ነው" የሚለውን ክርክር ሳልነካው አላልፍም። በሰው መሆኑ እውነት አለው። ግን ችሎታ ሲታይም ለውጥ ያመጣል። በአዲስ አበባ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ላይ የተሠራና በ2021 (እ.ኤ.አ.) ሪቪው ኦፍ ኢኮኖሚክ ስተዲስ ላይ የወጣ ጥናት አለ። አጥኚዎቹ ለአንዱ ቡድን ሥራ የሚፈልግበት የትራንስፖርት ገንዘብ ሰጡ። ሌላውን ስለ ሲቪና ስለ ኢንተርቪው አሠልጥነው፣ ፈትነው፣ የችሎታ ማረጋገጫ ወረቀት ሰጡት። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ቡድኖች ተጠቀሙ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የትራንስፖርቱ ጥቅም ጠፍቶ ነበር፤ የሠለጠነውና ወረቀት የያዘው ቡድን ገቢ 20 በመቶ ገደማ ብልጫ ነበረው። አዲስ አበባ ከወልቂጤ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የዚያን መንገድ ታክሲ ደጋግሞ ከመክፈል በፊት ችሎታችን በወረቀት ላይ እንዲታይ ማድረግ ይቀድማል።

ሻንጣ ከመሸከፍ በፊት

ሥራው ተገኘ ሲባል ደስታው ጥያቄ ያስረሳል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀውን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ አስታውሱ። ከየወረዳው ወጣቶች፣ በተለይም ሴቶች፣ ተመልምለው ገቡ። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሪፖርት የመነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር እንደነበርና ብዙዎች ዓመት ሳይሞላቸው ጥለው እንደሚወጡ ጽፏል። ሥራው እውነተኛ ነበር፣ ምልመላውም ሕጋዊ ነበር። ከቤት ኪራይና ከምግብ ጋር ሲሰላ ግን ኑሮው አልገጠመም።

ስለዚህ ጠይቁ። ደመወዙ ጥቅል ነው ወይስ የተጣራ? በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ስሌት 10,000 ብር ጥቅል ደመወዝ 1,650 ብር ግብርና 700 ብር ጡረታ ተቀንሶበት እጅ የሚገባው 7,650 ነው። ከሱ ላይ የቤት ኪራይ ቀንሱና የቀረውን እዩት። ውሉን የምፈርመው ከማን ጋር ነው፣ ከድርጅቱ ወይስ ሠራተኛ ከሚያቀርበው ኤጀንሲ? ባንክ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄዶ ወረቀቱ ላይ ቀጣሪው ኤጀንሲ ሆኖ የሚያገኘው ብዙ ነው። የሙከራ ጊዜው ስንት ነው? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ አይችልም። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራ ሁኔታውን የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ የመስጠት ግዴታ አለበት።

ጥሩ ሪክሩተር እነዚህን ጥያቄዎች ስትጠይቁት ደስ ይለዋል፤ በሁለተኛው ወር ጥሎ የሚሄድ ሰው ማቅረብ ለሱም ኪሳራ ነዋ። "ይሄን ሁሉ ከጠየቃችሁ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ" ካለ ግን ይስጠው። አሁን ስልካችሁ ላይ መልስ የሚጠብቅ የሥራ መልእክት ካለ፣ ከመመለሳችሁ በፊት ለድርጅቱ አንድ ስልክ ደውሉ።