የመቶ ዋት ትምክህት

ግዙፍ ማጉያ መድረክ ላይ መገተርን የጥበብ ማረጋገጫ አድርገው የሚቆጥሩ ጊታረኞች ታሪኩን ዘንግተዋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ፒት ታውንሼንድ ከለንደኑ ጂም ማርሻል ባለ 100 ዋት ማጉያ በጠየቀ ጊዜ የአዳራሾች ድምፅ ማሰራጫ ደካማ ነበር፤ ጊታሩ አዳራሹን በራሱ ጉልበት መሙላት ነበረበት። ዛሬ ማይክሮፎን ከማጉያው ፊት ይተከላል። ታዲያ ለመቶ ሰው አዳራሽ በጥንቱ አምሳያ የተሠራውን ያንኑ ሣጥን መሸመት ምን ይባላል? ከ50 ወደ 100 ዋት መውጣት የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ነው፤ ይህንን ሻጭ አይናገርም! ደግሞም ቫልቩ ያን የሚወደድ ሻካራ ቃና የሚሰጠው እስከ አቅሙ ጫፍ ሲነዳ ነው። ባለ 100 ዋቱ እዚያ ሳይደርስ ዘፋኙ ይዋጣል፤ ሊሰማ የተጻፈው ግጥም እንደ ጉም ይበናል። ባለ 15 ዋቱ ግን ያንኑ ሻካራነት ይሰጣል፤ ቃሉም ከነትርጉሙ ከመጨረሻው ወንበር ይደርሳል።