የሳይንስና የሒሳብ ውድድር፦ የደወል ሽሚያ ወይስ የጋራ ዕውቀት?

ዕውቀት ከሰማይ የወረደ ስጦታ ወይም የጥቂት ዕድለኞች የግል ርስት አይደለም። ገበሬው ወቅቶችን ሲቆጥር፣ ሸማኔው ክሩን ሲለካ፣ አንጥረኛው ብረቱን ሲያግል፣ የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር ባካሄደው የዘመናት ትግል በኅብረት ያፈራው የሥራ ውጤት ነው። ይህ ከሆነ ዘንድ፣ ዕውቀትን የምናስተላልፍበትም ሆነ የምንመዝንበት መንገድ ከዚሁ ማኅበራዊ ባሕርዩ ጋር የተስማማ ሊሆን ይገባዋል። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሳው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲመለከቱት የተማሪ ቤት ጨዋታ ይመስላል፤ ይኸውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሳይንስና የሒሳብ የቡድን ውድድር ነው። ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ግን «ትምህርት ለማን? ዕውቀትስ ለምን?» የሚለውን መሠረታዊ ጥያቄ ያዘለ ሆኖ እናገኘዋለን።

ሐዋሳን ለዚህ ውይይት የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማዋ በ1992 ዓ.ም. የደቡብ ዩኒቨርሲቲ በሚል ስም የተቋቋመው የዛሬው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመርቆ የተከፈተው የኢንዱስትሪ ፓርክም በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የጨርቃ ጨርቅና የአልባሳት ሠራተኞችን፣ አብዛኞቹም ወጣት ሴቶች የሆኑትን፣ በዙሪያዋ አሰባስቧል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሲዳማ ክልል ርዕሰ ከተማ ሆናለች። በዚህም የተነሳ የዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ፣ የፋብሪካው መኪናና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ጥቁር ሰሌዳ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ክልል ውስጥ ይገኛሉ። ይሁን እንጂ በሦስቱ መካከል ያለው እውነተኛ ርቀት በኪሎ ሜትር የሚለካ አይደለም። ርቀቱ የሚለካው የአንዱ ችግር የሌላው ጥያቄ ሆኖ በመቅረቡ ወይም ባለመቅረቡ ነው።

በሐዋሳም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን የተለመደው የጥያቄና መልስ ውድድር ምን እንደሚመስል አንባቢያን በሚገባ ያውቁታል። ከየትምህርት ቤቱ ሦስት ወይም አራት ተማሪዎች ተመርጠው መድረክ ላይ ይሰየማሉ። ጠያቂው ከካርድ ላይ ያነባል፤ ቀድሞ እጁን ያወጣ ወይም ደወሉን የነካ ይመልሳል፤ አዳራሹ ያጨበጭባል፤ በመጨረሻም ዋንጫ ይነሣል። ይህ ልማድ አንዳች ፋይዳ የለውም አንልም። አልማዝ በቀለም ትምህርት በልጣ በሕዝብ ፊት ስትመሰገን ታናሽ እህቷ በትምህርት ላይ ያላት ግምት ከፍ ይላል። ለእግር ኳስ የሚሰጠው ጭብጨባ ለሒሳብም መሰጠቱ መልካም ነው። ሆኖም ውድድሩ የሚመዝነው ምንድን ነው ብለን ስንጠይቅ መልሱ የሚያረካ ሆኖ አይገኝም። የሚመዝነው ቃል የመያዝ ችሎታንና የእጅ ፍጥነትን ነው። «ቡድን» የሚለው ስምም ቢሆን ጎን ለጎን የተቀመጡ አራት ግለሰቦች መጠሪያ ከመሆን አያልፍም። ቀድሞውንም ጎበዝ የነበረው ልጅ ጎበዝነቱ ይመሰከርለታል። የቀሩት ስልሳ የክፍል ጓደኞቹ ግን ለማጨብጨብ መጥተው አጨብጭበው ይመለሳሉ።

ተጨባጩ ሁኔታ ደግሞ በጭብጨባ ብቻ እንድንረካ የሚፈቅድልን አይደለም። በ2014 የትምህርት ዘመን ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተቀመጡት ወደ 900,000 የሚጠጉ ተማሪዎች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 30,000 አይሞሉም። ይህም 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆኗል። መሻሻሉ እሰየው የሚያሰኝ ቢሆንም፣ በእነዚሁ ዓመታት በየዓመቱ ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ መቅረታቸው የችግሩን ጥልቀት ያሳያል። ፈተናው ከ2014ቱ ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ እንዲሰጥ የተደረገው ስርቆትንና ኩረጃን ለመግታት ነበር። ለካስ ለብዙ ጊዜ በፈተና አዳራሽ ውስጥ «መተባበር» ሲባል የኖረው የሐሰት ኅብረት ኖሯል! አንዱ የሠራውን ሌላው ሳይረዳው መገልበጡ ትብብር አይደለም፤ ሁለቱንም የሚያደኸይ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ተማሪዎች ይተባበሩ ወይስ አይተባበሩ የሚል ሳይሆን፣ የሐሰቱን ኅብረት በእውነተኛው ኅብረት እንዴት እንተካው የሚል ይሆናል።

በዚህ ረገድ የሌሎች ሕዝቦች ልምድ የሚያስተምረን ብዙ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1894 በሀንጋሪ አገር፣ ከርዕሰ ከተማው ውጭ በምትገኘው በጂዮር ከተማ ያስተምር የነበረው ዳንኤል አራኒ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሒሳብ ጥያቄዎችን የሚያወጣ መጽሔት መሠረተ። ተማሪዎችም ከያሉበት መልሳቸውን በፖስታ ይልኩ ጀመር። በዚያው ዓመት በሎራንድ ኤትቮሽ ስም የሚታወቀው የሒሳብ ውድድር ተጀመረ። በሶቪየት ኅብረት ውስጥ ሌኒንግራድ በ1934፣ ሞስኮ በ1935 የሒሳብ ኦሊምፒያድ አካሄዱ። በ1959 ደግሞ ሰባት አገሮች በሩማንያ ተገናኝተው ዓለም አቀፉን የሒሳብ ኦሊምፒያድ መሠረቱ፤ ይህም ውድድር በ2014 ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን ከተማ ተካሂዷል። ይሁንና በዚህ ኦሊምፒያድ አንድ አገር እስከ ስድስት ተማሪዎች ቢልክም እያንዳንዱ ተማሪ የሚፈተነው ለብቻው፣ የሚሸለመውም ለብቻው መሆኑ ሊሰመርበት ይገባል።

ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመን ሌላው መስመር ነው። በሌኒንግራድ በ1960ዎቹ «የሒሳብ ፍልሚያ» የሚባል የቡድን ውድድር ተፈጠረ። ሁለት ቡድኖች አንድ ዓይነት ጥያቄዎች ይሰጧቸውና ለሰዓታት በጋራ ይመክሩባቸዋል። ከዚያም አንዱ ቡድን ሌላውን ይጋብዛል፤ የአንዱ ተወካይ መፍትሔውን በሰሌዳ ላይ ያስረዳል፤ የሌላው ተወካይ ጉድለቱን እየነቀሰ ይሞግተዋል። አንድ ተማሪ ከተወሰነ ጊዜ በላይ፣ ብዙውን ጊዜም ከሁለት ጊዜ በላይ፣ ወደ ሰሌዳ መውጣት አይፈቀድለትም። በዚህች በአንዲት ደንብ ውስጥ ትልቅ ቁም ነገር አለ፤ ጎበዙ ተማሪ ያወቀውን ለጓደኛው ካላስተማረ ቡድኑ ይሸነፋልና! ከ1979 ጀምሮ በሞስኮ፣ ከ1988 ወዲህ በዓለም አቀፍ ደረጃ በሚካሄደው የወጣት ፊዚክስ ተማሪዎች ውድድርም አምስት አባላት ያሉት ቡድን አስቀድመው በታወጁ 17 ጥያቄዎች ላይ ለወራት ሙከራ ሲያደርግ ይቆያል። በመድረክ ላይ አንዱ ቡድን አቅራቢ፣ ሁለተኛው ሞጋች፣ ሦስተኛው ገምጋሚ ይሆናል። ደወል የለም፤ ሽሚያም የለም።

ከሌላው ልምድ መቅሰም ማለት መገልበጥ ማለት እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ጥያቄዎቹ ከራሳችን ሕይወት መመንጨት ይኖርባቸዋል። ሐዋሳ ደግሞ የጥያቄ ደሃ አይደለችም። ሐይቋን እንውሰድ። የሐዋሳ ሐይቅ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ሲኖረው ጥቁር ውኃ የተባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። የሐይቁ ወለል አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ቢል የጨመረው ውኃ ስንት ነው? ሲሰላ 900,000 ሜትር ኩብ፣ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲለካም 45 ሚሊዮን ጀሪካን ይሆናል። የአቅራቢው ቡድን ይህን ካሳየ በኋላ ሞጋቹ ተነሥቶ «ውኃው ከፍ ሲል ዳርቻውም ይሰፋል፤ ታዲያ ስፋቱን እንዳልተለወጠ አድርገህ ያባዛኸው በምን መብትህ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ገምጋሚው ደግሞ ስሕተቱ ለአንድ ሴንቲ ሜትር ምን ያህል ያንሳል፣ ለአንድ ሜትርስ ምን ያህል ይገዝፋል የሚለውን ይመዝናል። ከዚያም ከተራቆተው ተራራ የሚታጠበው አፈር፣ ዝናቡና ትነቱ በየተራ ይነሣሉ። ሒሳብ፣ ጂኦግራፊና ኬሚስትሪ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይገናኛሉ ማለት ነው።

የመጠጥ ውኃውም እንዲሁ ነው። በስምጥ ሸለቆ በርካታ የጉድጓድ ውኃዎች ከመጠን ያለፈ ፍሎራይድ ይዘው ይገኛሉ፤ የልጆች ጥርስ መበለዝ የዚሁ ምልክት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በሊትር 6 ሚሊ ግራም ያለበትን ውኃ ግማሽ ሚሊ ግራም ብቻ ካለበት ውኃ ጋር ቀላቅለን ከወሰኑ ላይ ለማድረስ፣ ለእያንዳንዱ ሊትር አራት ሊትር ተኩል ንጹሕ ውኃ ያስፈልጋል። ይህን ያሰላች ተማሪ የእናቷን እንስራ በአዲስ ዓይን ታየዋለች። የፋብሪካው ሠራተኛም ጥያቄ አለው። በአንድ የስፌት መስመር ላይ ሁሉም ሥራ 30 ሴኮንድ ሲፈጅ አንዱ ብቻ 40 ሴኮንድ ቢፈጅ፣ መስመሩ በሰዓት የሚያወጣው 120 ልብስ ሳይሆን 90 ነው። የቀሩት ሠራተኞች ቢፋጠኑም ቁጥሩ አይጨምርም። ጉዳዩ የሒሳብ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ በማን ላይ ምን ያህል ጫና እንዳለ የሚያሳይ የሥራ ጥያቄም ጭምር ነው።

አንዳንድ ወገኖች «ብዙኃኑ ተማሪ ፈተና በሚወድቅበት፣ ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራና መጻሕፍት ባጣበት ጊዜ ውድድር ምን ይሠራል? ገንዘቡ ለወንበርና ለመምህር አይሻልም ወይ?» ሲሉ ይደመጣሉ። ተቃውሞው በቀላሉ ሊታለፍ የሚገባው አይደለም። ውድድሩ የጥቂቶች ትርኢት ሆኖ እስከቀረ ድረስ ትክክለኛ ተቃውሞ ነው። ውድድር መምህርን አይተካም፤ የጎደለውን መጽሐፍም አይሞላም። ነገር ግን በትክክል ከተደራጀ ብዙ ገንዘብ ሳይጠይቅ በክፍሉ ውስጥ ተኝቶ ያለውን ኃይል ይቀሰቅሳል። አንድ መምህር ለስልሳ ተማሪ በየተራ ሊደርስ ባይችል እንኳ፣ የተረዱት አሥር ተማሪዎች እያንዳንዳቸው ለአምስት ጓደኞቻቸው ሊደርሱ ይችላሉ። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ይህንኑ ነው።

ስለዚህም ውድድሩ የሚከተሉትን መሠረታዊ ነጥቦች ቢይዝ መልካም ይሆናል እንላለን። አንደኛ፣ ጥያቄዎቹ ከወራት በፊት ለክፍሉ ተማሪ ሁሉ ይታወጁ፤ መድረክ ላይ የሚወጡትም በዕለቱ ከመላው ክፍል በዕጣ ይለዩ። ዕጣው ማንን እንደሚጠራ ስለማይታወቅ ደካማውን ማዘጋጀት የጎበዙ ጉዳይ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ሴት ተማሪዎች የቡድኑ ግማሽ ይሁኑ፤ ድርሻቸውም ጽሕፈት መያዝ ብቻ ሳይሆን በሰሌዳው ፊት ቆሞ መሞገት ይሁን። ሦስተኛ፣ በሁለተኛ ደረጃ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ቢሆንም በክርክሩ ጊዜ ተማሪው በሲዳሙ አፎም ሆነ በአማርኛ ሐሳቡን እንዲያስረዳ ይፈቀድለት። የሚመዘነው አስተሳሰቡ እንጂ አነጋገሩ አይደለምና። አራተኛ፣ ሽልማቱ ለግለሰብ የሚንጠለጠል ሜዳልያ ከመሆን ይልቅ ለትምህርት ቤቱ የሚቀር መጽሐፍ፣ ሚዛንና የቤተ ሙከራ ዕቃ ይሁን። ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

ይህን ሁሉ ለመምህራን ብቻ ጥሎ መሄድ ግን ከኃላፊነት መሸሽ ነው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የየቀበሌው ነዋሪ መማሪያ ቦታ ሲያዘጋጅና አስተማሪ ሲያሰማራ፣ ሲዳምኛን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች ሲማር፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 ሽልማት እስከ መስጠት የደረሰበትን ውጤት አስመዝግቧል። ፊደል ማስቆጠርን የጋራ ጉዳዩ አድርጎ የተንቀሳቀሰ ሕዝብ ልጆቹን በሳይንስ ማስታጠቅን የሌላ ሰው ጉዳይ አድርጎ የሚተውበት ምክንያት አይታየንም። የቀበሌ ነዋሪው አዳራሹን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለልምምድ መክፈት ይችላል። ዕድሩ ለስብሰባ የሚዘረጋውን ወንበር ማዋስ አያቅተውም። የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት ልጆቹ ማታ የሚያጠኑበት መብራት ያለበት ክፍል ያመቻች። የፋብሪካው ሠራተኛ፣ መካኒኩ፣ ግንበኛው፣ አናጢው፣ ዓሣ አጥማጁ በየሥራ ቦታው የገጠመውን ጥያቄ ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ ይሂድ። የዩኒቨርሲቲው መምህራንም በቤተ ሙከራቸው ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በራቸውን ከፍተው፣ ከዳኝነቱ ወንበር ላይ በጊዜው ይገኙ።

አሸናፊው ቡድን ማን ነው የሚለው ጥያቄ በውድድሩ ዕለት ማታ መልስ ያገኛል። ይበልጥ የሚያሳስበን ግን በማግሥቱ የሚነሣው ጥያቄ ነው። ዋንጫው ከተነሣ በኋላ በየክፍሉ ሰሌዳ ፊት ቆሞ «እኔ ላስረዳ» የሚል ተማሪ ቁጥሩ ስንት ሆነ? የሐዋሳ ነዋሪና ሠራተኛ ውድድሩን የሚመዝንበት ሚዛን ይህ ይሁን። በዚህ ሚዛን የሚመዘን ውድድር የጥቂቶች ክብር መሆኑ ቀርቶ የብዙኃኑ ትምህርት ቤት ይሆናል።