ፍርድ ሁሉ ፍትሕ አይደለም

«ፍትሕ ምን ማለት ነው?» ስትሉ አብዛኛው ሰው «ፍርድ፣ ዳኝነት» ይላችኋል። እኔ አልስማማም።

እናቴ በአንድ የቤት ክርክር ሰባት ዓመት ተመላልሳለች። ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ትወጣለች፤ ከሰዓት «ለሌላ ቀን ተቀጠረ» ብላ ትመለሳለች። በመጨረሻ ረታች። ማኅተም ያለበት ወረቀት ተሰጣት። ተከራካሪዋ ግን እስከ ዛሬ እዚያው ቤት ውስጥ አለ፤ የአፈጻጸም መዝገቡም ገና ቀጠሮ ላይ ነው። ፍርድ አላገኘችም? አግኝታለች። ፍትሕስ?

ቃሉ ራሱ መልሱን ይዟል። «ፈትሐ» በግዕዝ ፈረደም ፈታም ማለት ነው። እስረኛ ሲፈታ፣ ቋጠሮ ሲፈታ፣ ለሟች ፍትሐት ሲደረግ ሥሩ ያው ነው። «ርትዕ» ደግሞ ቀጥ ማለት፣ መቃናት ነው። እንግዲህ ምንም ያልፈታ፣ ምንም ያላቃና ብይን ፍርድ ይባል እንጂ ፍትሕ አይባልም።

ሕገ መንግሥቱን ተመልከቱ። የአንቀጽ 37 ርእስ «ፍትሕ የማግኘት መብት» ይላል፤ ወደ ውስጥ ስትገቡ የሚሰጣችሁ «ውሳኔ ወይም ፍርድ» ነው።

እኛም አንሻልም። ፌስቡክ ላይ «ፍትሕ ለእገሊት» ብለን እንጽፋለን፤ ተጠርጣሪው ሲታሰር «ተመስገን» ብለን ወደ ሌላው እናልፋለን። ማሰር መቼ ነው መፍታት የሆነው? የእገሊትን ቋጠሮስ ማን ፈታላት?

አባቶች «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላሉ። የእናቴ ጥያቄ ሌላ ነው፦ በፍርድ የተመለሰችው በቅሎስ መቼ ነው ደጃችን የምትደርሰው?