ወና ቤት ይፍረስ ወይስ ይቆይ? ከዲትሮይት የምንማረው

 

«አሜሪካ ውስጥ በ1,000 ዶላር ቤት ይገዛል» የሚል ቪዲዮ በየጊዜው ሲዘዋወር እናያለን። ከተማዋ ዲትሮይት ናት። ወሬው ከነጭራሹ ውሸት አይደለም። የከተማዋን ወና ቤቶች የሚያስተዳድረው ላንድ ባንክ የተባለ ተቋም ቤቶችን በ1,000 ዶላር መነሻ ዋጋ ለጨረታ ሲያቀርብ ቆይቷል። ግን አንድ ቤት በአንድ ስልክ ዋጋ ለምን ይሸጣል? ከዚህ ጀርባ ለዓመታት የዘለቀ ክርክር አለ፦ ሰው ጥሎት የሄደ ቤት ይፍረስ ወይስ ተጠግኖ ይቆይ?

እኛ ጥያቄው ዘግይቶ የተጠየቀ ነው እንላለን። ቤት ከመፍረሱ በፊት ወና ይሆናል። ማን ወና እንዳደረገው ሳይጠየቅ ማፍረስ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ መጠገንም ብቻውን አይሆንም።

በቅድሚያ እውነታውን እንይ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1950 ዲትሮይት ወደ 1.85 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት፤ የዓለም የመኪና ምርት ማዕከል ነበረች። ከዚያ ፋብሪካዎቹ ወደ ከተማዋ ዳርቻና ወደ ሌሎች ግዛቶች ሄዱ። ነጮች በመንግሥት ዋስትና በተሰጠ የቤት ብድር ወደ ዳርቻው ወጡ። ጥቁሮች ግን በዘር አድልዎ ያን ብድር ለረጅም ዘመን ተነፈጉ። በ2020 ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ ወደ 639 ሺህ ወርዶ ነበር። በ2013 ከተማዋ ኪሳራ አወጀች። በ2014 የወጣ ጥናት መንደር ለመንደር ቆጥሮ ወደ 40 ሺህ የሚጠጉ ሕንፃዎች እንዲፈርሱ ሐሳብ አቀረበ። አርባ ሺህ! አንድ ሙሉ ከተማ ማለት ነው።

ይፍረሱ የሚሉትን ወገኖች ንግግር ማቃለል አይገባም። ጎረቤቱ ወና ቤት የሆነበት ሰው ሌሊት በሰላም አይተኛም። ሌባ ገብቶ የመዳብ ሽቦና የውኃ ቧንቧ ነቅሎ ይወስዳል። እሳት ከተነሳ ወደ ጎረቤት ይዛመታል። ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ በዚያ በር ማለፍ አለባቸው። ዕድሜ ልኩን ለፍቶ ያቆየው የራሱ ቤት ዋጋም ከጎኑ ባለው ፍርስራሽ ምክንያት ይወርዳል። እንዲህ ያለ ሰው «ይህን ጉድ አንሱልን» ሲል ሐቅ አለው። ስለ አሮጌ ሕንፃ ውበት ከሩቅ ሆኖ መጻፍ ቀላል ነው፤ ከጎኑ መኖር ግን ሌላ ነው።

ይቆዩ የሚሉትም ማስረጃ አላቸው። ሚሺጋን ሴንትራል የሚባለው ትልቁ የባቡር ጣቢያ በ1913 ተከፍቶ የመጨረሻው ባቡር በ1988 ወጣ። ከዚያ መስኮቱ ተሰባብሮ የከተማዋ ውድቀት ምልክት ሆኖ ቆመ። በ2009 የከተማው ምክር ቤት እንዲፈርስ ወሰነ፤ ሳይፈርስ ቀረ። በ2018 ፎርድ ገዛው፤ ታድሶም በ2024 ለሕዝብ ተከፈተ። በሌላ በኩል ሃድሰን የተባለው ግዙፍ የገበያ ሕንፃ በ1998 በፈንጂ ፈረሰ። በቦታው አዲስ ሕንፃ መነሳት የጀመረው ግን በ2017 መጨረሻ ነው። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ያልፈረሰ ሊታደስ ይችላል፤ የፈረሰ ግን አይመለስም። ሆኖም ጣቢያውን ያዳነው የአንድ ግዙፍ ኩባንያ ገንዘብ ነው። ለ40 ሺህ ተራ ቤት እንዲህ ያለ ባለሀብት አይመጣም።

ሁለቱም ወገኖች እውነት ይዘዋል፤ ሁለቱም ግን ወሬውን የሚጀምሩት ሰው ከወጣ በኋላ ነው። እስቲ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እንመለስ። እነዚህ ቤቶች ሁሉ በእርጅና አልተለቀቁም። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ የዲትሮይት ቤቶች ዋጋ ወደቀ፤ ለግብር የሚሰላው ግምት ግን አብሮ አልወረደም። በሕጉ መሠረት ግምቱ ከገበያው ዋጋ ግማሽ መብለጥ አልነበረበትም። ዲትሮይት ኒውስ ጋዜጣ በ2020 ባወጣው ምርመራ ነዋሪዎች ከ2010 እስከ 2016 ቢያንስ 600 ሚሊዮን ዶላር ከሚገባው በላይ ተጠይቀዋል። መክፈል ያቃተው ሰው ዕዳው ሦስት ዓመት ሲሞላው ቤቱ ተወስዶ ለጨረታ ይቀርብ ነበር፤ ያልተሸጠውም በሁለተኛ ዙር በ500 ዶላር መነሻ ይወጣ ነበር። በድህነታቸው ምክንያት ከግብሩ ነፃ መሆን ይገባቸው ከነበሩት ብዙዎቹ መብቱ እንዳለም አያውቁም ነበር።

ይህ ዙልም ነው፤ ሌላ ስም የለውም። አሮጊት እናት ከቤቷ በማይገባ ግብር ትወጣለች፤ ቤቱ ወና ይሆናል፤ ቧንቧው ይነቀላል፤ ጣሪያው ያፈሳል፤ ከዚያ የመንግሥት ገንዘብ ወጥቶ ይፈርሳል። በ2010 ሰዎች ቤታቸውን እንዳያጡ ለማገዝ የተቋቋመው የፌዴራል ገንዘብ በ2013 ለማፍረሻም እንዲውል ተፈቀደ፤ በዲትሮይትም በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ፈረሱበት። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ሰውን በቤቱ ለማቆየት የሚበቃው ገንዘብ ቤቱን ለማፍረስ ከሚወጣው ባነሰ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛውን ማስረጃ ከዚያው ሳንርቅ እናገኛለን። ሃምትራምክ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር የምትታለፍ፣ በዙሪያዋ ሁሉ ማለት ይቻላል በዲትሮይት የተከበበች ትንሽ ከተማ ናት። የፖላንድ ስደተኞች ከተማ ነበረች። በ1930 ወደ 56 ሺህ ሕዝብ ነበራት። እሷም በመኪና ፋብሪካ የምትኖር ነበረች፤ ዶጅ ሜይን የተባለው ትልቁ ፋብሪካዋ በ1980 ተዘጋ። በ1990 ሕዝቧ ወደ 18 ሺህ ወረደ። ቤቶቿ እንደ ዲትሮይት ሰፈሮች ሁሉ ያረጁና ተጠጋግተው የተሠሩ የእንጨት ቤቶች ናቸው። ልዩነቱ የመጣው ከሰው ነው። ከየመን፣ ከባንግላዴሽና ከቦስኒያ የመጡ ስደተኞች ገቡባቸው፤ ሱቅ ከፈቱ፤ መስጂድ አቆሙ። በ2004 ምክር ቤቱ አዛን በድምፅ ማጉያ እንዲሰማ ፈቀደ። በ2020 የነዋሪው ቁጥር ከ28 ሺህ በላይ ደርሷል። እነዚያን ቤቶች ያዳናቸው የቅርስ አዋጅ አይደለም፤ ማታ ማታ መብራት የሚያበራ ቤተሰብ ነው። ዲትሮይት ከሃምትራምክ እጅግ የሰፋች መሆኗን አንዘነጋም፤ ስደተኛ ብቻውን 40 ሺህ ቤት አይሞላም። ግን አቅጣጫውን ያሳያል።

በመድረሳ ፊቅህ ስንማር «ኢሕያኡል መዋት» የሚባል ምዕራፍ አለ፤ የሞተን መሬት ሕያው ስለማድረግ ነው። ባለቤት የሌለውን ጠፍ መሬት ያለማ ሰው መብት ያገኝበታል። ዙሪያውን አጥሮ ሳያለማ የተወ ግን በአጥሩ ብቻ ባለቤት አይሆንም። ከኸሊፋው ዑመር (ረዲየላሁ ዐንሁ) በተላለፈው ፍርድ እንዲህ ያለ አጣሪ ከሦስት ዓመት በኋላ መብት የለውም። የዲትሮይት ቤቶች በሕግ ባለቤት ስላላቸው ፍርዱ በቀጥታ አይሠራባቸውም፤ ፈትዋ እየሰጠንም አይደለም። የፍርዱ ጥበብ ግን ለዚህ ጉዳይ ብርሃን ይሰጣል፦ መሬትና ቤት የሚገባው ለሚያለማው ነው። ላንድ ባንክም በጨረታ የገዛ ሰው በ6 ወር ውስጥ ቤቱን ጠግኖ ሰው የሚኖርበት እንዲያደርግ የሚያስገድደው ከዚህ ብዙም ባልራቀ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ሊሆን ይገባል ብለን እናምናለን። አንደኛ፣ ዛሬ ሰው ያለበት ቤት ነገ ወና እንዳይሆን ግብሩና ዕዳው ይስተካከል። ሁለተኛ፣ ሊወድቅ የደረሰና ጎረቤትን የሚጎዳ ቤት ሳይውል ሳያድር ይፍረስ፤ ጉዳትን ማንሳት ይቀድማልና። ሦስተኛ፣ መሠረቱና ግድግዳው ደህና የሆነ ቤት በቅድሚያ ለሰፈሩ ሰው ይሰጥ፤ መጠገኛ ብድርም ይመቻችለት። የፈረሰውም ቦታ ለጎረቤቱ ይለፍ። ላንድ ባንክ ባዶ ቦታን አጠገቡ ለሚኖር ባለቤት በ100 ዶላር መሸጡ ከሠራቸው መልካም ሥራዎች አንዱ ነው። የዲትሮይት መራጮች በ2020 ያጸደቁት የ250 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ለማፍረስም ለመጠገንም እንዲውል መደረጉ ደግሞ ሁለቱ መንገዶች አብረው መሄድ እንደሚችሉ ያሳያል።

በመጨረሻ በአሜሪካም በዐረብ ሀገርም ሆናችሁ ያን ቪዲዮ ለምታዩ ወንድሞችና እህቶች አንድ ምክር አለን። ልትኖሩበት ወይም ጠግናችሁ ሰው ልታስገቡበት ከሆነ ግዙ፤ ሰፈር ታቀናላችሁ። መጠገኛው ግን ከመግዣው ብዙ እጥፍ መሆኑን አስቀድማችሁ አስሉ። ቁልፉን ኪሳችሁ ከትታችሁ ዋጋ እስኪጨምር ልትጠብቁ ከሆነ ተዉት። እናንተ ሩቅ ሆናችሁ የምትጠብቁትን ትርፍ በየሌሊቱ በፍርሃት የሚከፍለው ጎረቤት ነው። የጎረቤት ሐቅ ደግሞ ባሕር ማዶ ስለሆነ አይቀልም።

አላህ ቤታችንን በሰው የሞላ፣ ጎረቤታችንንም ከእኛ ክፉ የተጠበቀ ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።